ጀልባ ባሕር ላይ ሳለ

በበግ ዓመት፣ በሦስተኛዋ ጨረቃ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ የጠዋቱ ውኃ ከባሕሩ ዳር መሸሽ ሲጀምር የያንግኒም አማት ዐረፈች። በኖክሶም ደሴት ሰው የሚሞተው ውኃ ሲሸሽ ነው ይባላል፤ አሮጊቷም ዕድሜዋን ሙሉ ከደንብ ፈቀቅ ብላ አታውቅምና በዚህም አልወጣችም። ትንፋሿ ሲያጥር አንዴ ዓይኗን ገልጣ ልጇ ተመልሶ እንደሆነ ጠየቀች። ያንግኒም ገና ነው አለቻት።

"እንግዲያው ሣር አልብሱኝ። እሱ ሲመጣ በእጁ ያውርደኝ" አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ዶሮዎቹ አንድ ነገር ተናግራ ነበር፤ ምን እንዳለች ግን አልተሰማም።

ልጇ ፓንሶክ የያንግኒም ባል ነው። በዚያ ወር የደሴቲቱ ሦስት ጀልባዎች ሁሉ ቢጫውን ዓሣ ተከትለው ወደ ሰሜን ወጥተው ነበር። ቢጫው ዓሣ በፀደይ እንቁላሉን ሊጥል ሲሰበሰብ ከውኃ በታች ይጮኻል፤ ጩኸቱ የዝናብ ሰሞን እንቁራሪት ነው የሚመስለው። ፓንሶክ የዶክቦ ጀልባ ጆሮ ነበር። አንጓው የተበሳ ረጅም ቀርከሃ ውኃ ውስጥ ይነክራል፣ ጫፉን ጆሮው ላይ ይደግናል፣ መንጋው የት እንዳለና ወዴት እንደሚያዘነብል ያዳምጣል። እሱ እጁን ሳያነሣ መረብ አይጣልም። የጀልባው ባለቤት ዶክቦ አንድ ሁለት ሲል "ሸራ የትም ይገኛል፤ ጆሮ ከየት ይመጣል?" ማለት ይወድ ነበር።

ጀልባ ባሕር ላይ ሳለ በኖክሶም ሬሣ አይቀበርም። የታረሰ እርሻ መኮትኮት ይቻላል፤ ያልተነካ መሬት ግን አይነካም፤ የአጥር እንጨት እንኳ አይተከልም። መሬት አፏን ከከፈተች ባሕርም አፉን ይከፍታል። ስለዚህ የሞተው ሰው ሣጥን ውስጥ ይገባና ባሕሩን በሚያይ ተዳፋት ላይ፣ በድንጋይ መደብ ላይ ይቀመጣል፤ እንደ ቤት ጣሪያ በገለባ ይከደናል። ጀልባዎቹ ሲመለሱ ልጅየው ገለባውን ገፍቶ፣ ጉድጓዱን ቆፍሮ፣ ወላጁን ያወርዳል። ሣር ማልበስ የሚሉት ይኼን ነው። ልጁ የሚዘገይበት ሰው አለ፤ ክረምትና በጋ እየተፈራረቀበት፣ ገለባው በየዓመቱ እየታደሰ፣ ሦስት ዓመት የቆየ ሬሣ አለ። ለዚያ ማንም አይቸኩልም።

ያንግኒም አማቷን ያለበሰችው ከጎረቤቷ ከዎልሶን ጋር ነው። ዎልሶን በአምስት ዓመት ትበልጣታለች። ያንግኒም ከሌላ ደሴት ተድራ ስትመጣ፣ ውኃ በሸሸበት ደለል ላይ ዛጎል አለቃቀም ያስተማረቻት፣ አማቷ በተቆጣች ጊዜም በጓሮ በር አስገብታ የምትደብቃት እሷ ነበረች። የዎልሶን ባል ማንጊል በቺሶን ጀልባ ላይ የሸራ ሰው ነው። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው፤ ትንሹ ገና ከጀርባ አልወረደም።

በሦስተኛው ቀን ከዋናው ምድር በሞተር ጀልባ አንድ ባዕድ ፖሊስ መጣ። ከእሱ ጋር አስተርጓሚ ነበር፤ ቀጭን ጎልማሳ፣ ጫማው አሸዋ እየሞላበት በየአሥር እርምጃው እየቆመ የሚያራግፍ። ፖሊሱ ተዳፋቱ ላይ ያለውን የገለባ ክዳን አይቶ ይኼ ምንድን ነው አለ። ተነገረው። አስተርጓሚው ለረጅም ጊዜ ካዳመጠው በኋላ ወደ ሴቶቹ ዞሮ፣ ሬሣ ከመሬት በላይ ማስቀመጥ ከተከለከለ ዓመታት እንዳለፉ፣ በሽታ እንደሚያመጣ፣ ፖሊሱ ወደ ወዲያኛው ደሴት ደርሶ ነገ ቀትር ላይ እንደሚመለስ፣ ያን ጊዜ ሬሣው መሬት ውስጥ ካልገባ በላምባ እንደሚያቃጥለው ነገራቸው።

እማማ ኦክቹን፣ የቺሶን እናት፣ በሴቶቹ መካከል ትልቋ እሷ ነበረችና፣ ጀልባዎቹ እስኪመለሱ አሥር ቀን ብቻ እንዲታገሡ ለመነች። አስተርጓሚው ልመናውን ሳያስተላልፍ እሱ ራሱ መለሰላት። "እናቴ፣ እኔም የደሴት ልጅ ነኝ። አይሰማሽም። ዝም ብለሽ ቅበሪያት" አላት። ጫማውንም አራግፎ ሄደ።

ሴቶቹ በእማማ ኦክቹን ቤት ተሰበሰቡ። በደሴቲቱ የቀሩት ወንዶች ባሕር የተዋቸው ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም በረንዳው ላይ ሆነው ፒፓቸውን እየሳቡ ይኼ የሴቶች ጉዳይ ነው አሉ። መቆፈር አይቻልም፤ በዚህ ሁሉም ተስማማ። ማቃጠልም አይቻልም፤ የተቃጠለች እናት ልጇ ከየት አንሥቶ ይቀብራታል? ያንግኒም ጥግ ላይ ተቀምጣ የምታስበው አንድ ነገር ነበር፦ ፓንሶክ መጥቶ እናቴ የት አለች ሲላት ምን እንደምታሳየው።

መላውን ያመጣችው እማማ ኦክቹን ናት። "ሰውዬው ማየት የሚፈልገው ጉብታ ነው" አለች። "ጉብታ እንሰጠዋለን። ጉድጓድ ማን አየ?"

በማግሥቱ ማለዳ የደሴቲቱ ሴት በሙሉ ከባሕሩ ዳር እስከ ተዳፋቱ በቅርጫት አሸዋ ተሸከመች። የባሕር አሸዋ መሬት አይደለም፤ ባሕር ያመጣው ነው፤ እሱን ማንሣት ማንንም አያስቆጣም። እርጥብ አሸዋ አናት ይሰብራል፤ ግን የዚያን ዕለት ጠዋት ሴቶቹ ሳቅ ሳቅ ብሏቸው ነበር። ፖሊሱን የማታለል ነገር እንደ ልጅነት ጨዋታ ሆኖባቸው፣ በአሮጊቷ ይቀልዱ ጀመር። ምላሷ ስለት ስለነበር ያልተነካ ሰው አልነበረም። አንዷ፣ ብዙ አትጫኗት ተነሥታ ትሰድበናለች አለች። ሌላዋ፣ ያንግኒም ሆይ በሕይወቷ እያለች እንዲህ ተሸክመሻት ቢሆን ትመርቅሽ ነበር አለች። ያንግኒምም ሣቀች። አሮጊቷን ትወዳት ነበር፤ እየፈራቻት ትወዳት ነበር።

ጉብታው ተራ መቃብር እንዲመስል የድንጋዩ መደብ መነሣት ነበረበት። ድንጋዮቹን ወደ ገደሉ አንከባለሏቸው፤ ሣጥኑንም በቀጥታ ሣሩ ላይ አኖሩት። ሴቶቹ ለሚቀጥለው ሸክም ወደ ባሕሩ ሲወርዱ ያንግኒምና ዎልሶን ሣጥኑን ይዘው ቀሩ። ቦታው ተዳፋት ነው፤ ሣሩ ጤዛ ይዟል። ያንግኒም በታች በኩል በትከሻዋ ደግፋ ሳለ ሣጥኑ መንሸራተት ጀመረ። መጀመሪያ በጥቂቱ፣ ከዚያ ክብደቱ ሁሉ ትከሻዋ ላይ መጣ። እግሯ ሸርተት አለ። ከበታቿ ድንጋዮቹን የጣሉበት ገደል ነው።

"እትዬ ዎልሶን፣ አንድ ነገር አድርጊ" አለች። "ልታመልጠኝ ነው።"

ዎልሶን በላይ በኩል ነበረች። ዛጎል የምትለቅምበት አጭር መኮትኮቻ እንደ ሁልጊዜው ከወገቧ ተሰክቷል። ሳታስብ መዘዘችና ከሣጥኑ ራስ ሥር ሦስት ጊዜ ፋቀች። የሣሩ ሥር ተበጠሰ፤ ቀይ አፈር ወጣ። የሣጥኑ ራስ የተፋቀው ቦታ ውስጥ ዝቅ ብሎ ገባና ቆመ። ከያንግኒም ትከሻ ላይ ክብደቱ ወረደ።

ዎልሶን መኮትኮቻውን በቀሚሷ ጠርጋ ወገቧ ላይ መለሰች። ከዚያ ቅርጫት ውስጥ የቀረውን አሸዋ በመዳፏ እየዘገነች ቀዩን አፈር ሸፈነችው።

"ሣር ነው የፋቅሁት" አለች።

"ሣር ነው እንጂ" አለች ያንግኒም።

ሴቶቹ እየተሳሳቁ ሲመጡ ሁለቱ ሥራቸውን ቀጠሉ። ቀትር ላይ ፖሊሱ መጣ፣ ጉብታውን በበትሩ ጫፍ ሁለት ቦታ ወጋ አደረገ፣ እማማ ኦክቹን የጠበሰችለትን ዓሣ በላና ሄደ። የሞተር ጀልባው ከዓይን ሲጠፋ ሴቶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሳቁ። ዎልሶን ግን ልጄ ትኩሳት ይዞታል ብላ ቀድማ ወደ ቤቷ ሄዳ ነበር።

ነፋሱ የመጣው በስድስተኛው ቀን ነው። ጠዋት ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ነበር። ከሰዓት በኋላ በደቡብ ምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቆረ፣ የባሕር ወፎቹ ወደ ገደሉ ተጠግተው ዝም አሉ። ከዚያ ነፋሱ በአንድ ጊዜ ወረደ። ሴቶቹ ኮረብታው ላይ ወጥተው ጎንበስ ብለው ቆሙ፤ ቀና ብሎ መቆም አይቻልም ነበር። ያንግኒም ዎልሶንን በዓይኗ ፈለገቻት። ዎልሶን ከሁሉም ፈንጠር ብላ፣ ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ ባሕሩን ሳይሆን ተዳፋቱ ላይ ያለውን የአሸዋ ክምር ነበር የምታየው።

በማግሥቱ ሁለት ጀልባዎች ገቡ። የዶክቦ ጀልባ የፊት ምሰሶው ተቆርጦ፣ ሰዎቹ እየቀዘፉ ደረሱ። ፓንሶክ ከጀልባው ሲወርድ መዳፉ በገመድ ተልጦ ሥጋው ይታይ ነበር። ያንግኒም ባሏን ስታይ ውኃው ውስጥ ተቀመጠች። ሦስተኛው ጀልባ፣ የቺሶን ጀልባ፣ አልመጣም። በነጋታውም አልመጣም። በአራተኛው ቀን የተሰበረ የሸራ እንጨት ብቻ ባሕሩ ዳር ወጣ፤ ቡናማው ሸራ ተጠምጥሞበት።

ፓንሶክ ያየውን ተናገረ። በአደባባይ፣ በሁሉም ፊት፣ እማማ ኦክቹንም ባለችበት። ነፋሱ ሲወርድ ሁለቱ ጀልባዎች እየተያዩ ነበር። ዶክቦ ምሰሶውን አስቆርጦ መልሕቅ ጣለ። የቺሶን ጀልባ ግን እስከ አፉ ዓሣ ጭኖ ሸራውን እንደዘረጋ ነበር። ቺሶን ወደ ገበያ ቀድሞ ለመድረስ ፈልጎ ይሁን፣ ወይስ የረጠበው ገመድ አልለቅ ብሎት፣ ፓንሶክ ይኼን አላወቀም። ማንጊል ምሰሶው ላይ ሲወጣ አይቶታል። ከዚያ አንድ ማዕበል በመካከላቸው ተነሣ፤ ማዕበሉ ሲወርድ ጀልባው በቦታው አልነበረም።

እማማ ኦክቹን ያዳመጠችው ዓይኗን ሳትነቅል ነው። "ልጄ ሸራ ማውረድ በሰባት ዓመቱ ነው የተማረው" አለች። በዚያ ጀልባ ላይ የሞተ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ እሷን ያያት ጀመር። የውኃ ጉድጓዱ ዳር ሴቶች እሷ ስትመጣ ወሬ ያቆማሉ። ሙት አይከሰስም፤ የሙት እናት ግን በሕይወት አለች።

ሬሣ ያልተገኘላቸው ቤተሰቦች ልብስ ለመቅበር ከመነሣታቸው በፊት፣ አስቀድሞ የሞተችው መግባት ነበረባት። ጀልባ ተመልሷል፤ መቆፈር ተፈቅዷል። ፓንሶክ ነጭ የሐዘን ልብስ ለብሶ፣ የተላጠ መዳፉን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ አሸዋውን በእጁ ገፋ። ደሴቱ ሁሉ ቆሞ ነበር፤ ባሎቻቸው የጠፉባቸውም ጭምር፤ ደንቡ ነው። ዎልሶን ሁለቱን ልጆቿን ይዛ ከፊት ረድፍ ላይ ነበረች።

ሣጥኑ ተነሣ። ወንዶቹ ወደ ጎን ሲያደርጉት ከራስጌው ሥር የነበረው አሸዋ ተንዶ ወረደ፤ ቀዩ መሬት ታየ። የሣሩ ሥር ተቆርጦ፣ የአንድ ትልቅ ሳሕን ያህል ተፍቆ፣ የመኮትኮቻው አሻራ ሦስት ቦታ ግልጽ ሆኖ ይታይ ነበር።

እማማ ኦክቹን በዝግታ ሄዳ ተንበረከከች። ጣቷን የመጀመሪያው አሻራ ላይ አደረገች፣ ቀጥላ ሁለተኛው ላይ፣ ቀጥላ ሦስተኛው ላይ።

"የዚያን ዕለት ሣጥኑን የያዘው ማነው?" አለች።

መልሱን ሁሉም ሴት ታውቃለች። ሌሎቹ ባሕሩ ዳር ሆነው ቅርጫት ሲሞሉ እዚህ የቀሩት ሁለት ናቸው። ያንግኒም ወደ ዎልሶን ዞረች። የዎልሶን ፊት ደም አልነበረውም። ትንሹ ልጅ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል፤ ትልቁ ቀሚሷን በሁለት እጁ ይዞ እናቱ የምታየውን ያያል። ከንፈሯ ሊከፈት ነበር። ልትናገር ይሁን ልትክድ፣ ያንግኒም ያን ጊዜም ኋላም አላወቀችም። ይህች ሴት በገዛ እጇ ባሏን ያሰጠመች ልትባል ነው፤ ባሏን ብቻ ሳይሆን የዚያን ሁሉ ሰው ባል። ልጆቿም ዕድሜያቸውን ሙሉ የእሷ ልጆች ሊባሉ ነው። የእኔ ሰው ግን ቤቱ ገብቷል፤ ያንግኒም ያሰበችው ይኼንኑ ነው። ደግሞ አንድ ነገር አድርጊ ያልኳት እኔ ነኝ።

"እኔ ነኝ" አለች።

"በምን ፋቅሽው?"

"በመኮትኮቻ።"

"በማን መኮትኮቻ?"

"በራሴ።"

እማማ ኦክቹን አልመታቻትም፣ አልሰደበቻትም። የተፋቀው ቦታ አጠገብ ተቀምጣ፣ ሕፃን እንደምታጎርስ፣ አሸዋ በትንሽ በትንሹ እየዘገነች ሞላችው። ስትጨርስ "ልጄ ሸራ ማውረድ ያውቅ ነበር" አለች። ያንግኒም ድምፅዋን ሰማች፤ ሸክሙን ከአናቱ ላይ ሲያወርዱለት ሰው የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጉድጓድ ዳር ለእማማ ኦክቹን ወሬ አልተቋረጠባትም።

ሰዉ ሁሉ ከተዳፋቱ ወረደ። ፓንሶክ የእናቱን ጉድጓድ ብቻውን ቆፈረ። ያንግኒም ልታግዘው አካፋ ስትይዝ "ተይ" አላት። ማታ ግን፣ የገብስ ገንፎውን ሳይነካ ከፊቱ አድርጎ፣ እውነት አንቺ ነሽ አላት። አዎ አለችው። ለእናቴ ብለሽ ነው አላት። አዎ አለችው፤ ሣጥኑ ወደ ገደሉ ሊሄድ ነበር።

ፓንሶክ የተጠቀለለ እጁን አየ። "እናቴ ግን ሣር አልብሱኝ ነበር ያለችው" አለ።

ልትነግረው የምትችልበት ጊዜ ያ ነበር። ከነገረችው ነገ ጠዋት ለዶክቦ እንደሚነግር አወቀች፤ ፓንሶክ ጀልባውን የሚወድ ሰው ነው። ሳሕኑን አንሥታ ወጣች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ያለ ጩኸት ሆነ። የዶክቦ ጀልባ አዲስ ምሰሶ ሲተከልለት ፓንሶክ እንደ ወትሮው ቀርከሃውን ይዞ ወረደ። የመርከበኞቹ ሚስቶች በጀልባው አፍንጫ ሥር ደረቁ አሸዋ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ማንም ሳያዛቸው ነው የተቀመጡት፤ እሱ ከተሳፈረ ጀልባው በላያችን ላይ አልፎ ይሂድ ብለዋል። ዶክቦ ፓንሶክን ወደ ጎን ወስዶ ብዙ አወራው። የሃያ ዓመት አብሮነታቸውን አነሣ፣ ማንንም እንደማይወቅስ ነገረው፣ ትንባሆውን ከፍሎ ሰጠው። በመጨረሻ፣ "ወንድሜ፣ እኔ ባምንህ ሰዎቹ አያምኑህም፤ የማያምን ሰው ደግሞ ገመድ አያጠብቅም" አለው።

ፓንሶክ ሊሄድ ሲል ከመርከበኞቹ አንዱ፣ ከእሱ ጋር በአንድ ሳሕን የሚበላ ሰው፣ ከጀርባው ጠራው።

"ያ ጆሮህ ዓሣ አርባ ክንድ ውኃ ሥር ይሰማል። ሚስትህ ስትቆፍር አልሰማም?"

ጥቂቶች ሳቁ። ፓንሶክ ቀርከሃውን በዚያው ዶክቦ እጅ ላይ አኑሮ ወደ ቤቱ ወጣ።

ያንግኒም ዎልሶንን ያገኘቻት ውኃው በሸሸ ጊዜ ደለሉ ላይ ነው። ሌሎቹ ሴቶች ያንግኒም ካለችበት ርቀው ይለቅማሉ፤ ዎልሶንም ከእነሱ ጋር ነበረች። ቅርጫቷ ሲሞላ ግን ዘወር ብላ መጣች፤ ያንግኒም ካለችበት ጥቂት እርምጃ ርቃ፣ ጀርባዋን ለሌሎቹ ሰጥታ ጎንበስ አለች፤ ከሩቅ ለሚያያት ዛጎል የምትለቅም ትመስላለች። ያንግኒም መጀመሪያ ስለ ልጁ ጠየቀች፤ ትኩሳቱ ለቀቀው ወይ አለች። ለቆታል አለች ዎልሶን። ከዚያ ሁለቱም ጭቃውን ሲጭሩ ቆዩ።

"ማን ተናገሪ አለሽ?" አለች ዎልሶን ቀና ሳትል። "እኔ ለምኜሻለሁ?"

ያንግኒም አልለመንሽኝም አለች።

"እኔ ያን ጊዜ ልናገር ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አንቺ ቀደምሽኝ። አሁን ምን እንድልሽ ነው? እግርሽን እንዳጥብ ነው?"

"ምንም እንድትዪ አልፈልግም፣ እትዬ።"

"እትዬ አትበዪኝ፤ ይሰማሉ።" ዎልሶን መኮትኮቻዋን ጭቃው ውስጥ ሰካች፣ መዘዘች፣ እንደገና ሰካች። አዲስ መኮትኮቻ ነበር፤ አሮጌው የት እንደገባ ያንግኒም አልጠየቀችም። "ሌሊት ሌሊት ሳስበው፣ እጁ የእኔ ነበር፤ ቃሉ ግን ያንቺ ነው። አንድ ነገር አድርጊ አልሽኝ። ባትዪኝ ኖሮ ያቺ አሮጊት ወደ ገደሉ ትሄድ ነበር፤ ማንጊል ቤቱ ይገባ ነበር። አይደለም ወይ? ንገሪኝ እስኪ፣ አይደለም ወይ?"

ያንግኒም ባሏ ስላየው ሸራ ልታስታውሳት አሰበች። ማንጊልን የገደለው በጭነት ላይ የተዘረጋ ሸራ ነው፤ የሳሕን ያህል አፈር አይደለም ልትላት። ግን ለዚህች ሴት ምሰሶ ላይ እየወጣ ያለ ባሏን ከማሳየት ይልቅ የሚጠሉት ሰው መስጠት ይሻል እንደሆነ አላወቀችም። ደግሞ እሷ ራሷም በሸራው ሙሉ በሙሉ አላመነችም። ከልጅነቷ ጀምሮ የሰማችው ሌላ ነው።

"አዎ" አለች። "ቃሉ የእኔ ነው።"

ዎልሶን ራሷን ነቀነቀች፣ ቅርጫቷን አናቷ ላይ አደረገች፣ ወደ ሴቶቹ ተመለሰች። ከሩቅ አንዲቱ ምን አለችሽ ስትላት ተሰማ። የዎልሶንን መልስ ነፋሱ ወሰደው፤ ሴቶቹ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ያንግኒም ዞረው አዩ።

ከደሴቱ ውጡ ያላቸው ሰው የለም። ነገር ግን ፓንሶክን የሚያሳፍር ጀልባ አልነበረም፤ ያንግኒም ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ጉድጓዱ ዳር ያለችው ሁሉ እንስራዋን ሳትሞላ ትነሣለች። ያለ ጀልባ በኖክሶም የሚበላ የለም። በአምስተኛዋ ጨረቃ መጀመሪያ፣ ጨው የሚያመጣው ጀልባ ሲመለስ አብረው ለመሄድ ተስማሙ። ከጀልባው ባለቤት ጋር የተነጋገረው ፓንሶክ ነው፤ ለያንግኒም ቀኑን ብቻ ነገራት።

በኖክሶም የማይመለስ ሰው ሲሄድ ዱካው ላይ አመድ ይደፋል። ብዙ ጊዜ የሚደፋው ለሌባ ነው፤ ወይም አባቱን ለመታ ልጅ። ሁለቱ ጥቅላቸውን ይዘው ወደ ባሕሩ ሲወርዱ ሴቶቹ ከየቤታቸው የምድጃ አመድ በሳሕን ይዘው ወጡ። እማማ ኦክቹን የያዘችው ጥቂት ነበር፤ እሱንም ዓይኗን ከድና ነው የበተነችው። ዎልሶን ግን ቅርጫት ሙሉ ይዛ መጣች። ወደ ፊት ወጥታ፣ ከሁሉም ቀርባ፣ በያንግኒም ተረከዝ ላይ ደፋችው። አመዱ ገና ትኩስ ነበር። ያንግኒም ሳትዞር እርምጃዋን ቀጠለች። ካልደፋች ያዩዋታል፣ ጥቂት ብትደፋም ያዩዋታል ብላ ለራሷ ነገረች። ጀልባው ላይ ከወጣች በኋላ፣ የተረከዟን ቆዳ ባሕር ውኃ ስታስነካው፣ ለራሷ የነገረችው ነገር እውነት መሆኑን ተጠራጠረች።

ሸራው ሲነፋ ፓንሶክ ከኋላ በኩል ተቀምጦ ነበር። የጨው ጀልባው ሰዎች ገመድ እንዲይዝላቸው ሲጠይቁት እጄ ገና አልዳነም አላቸው። እጁ ድኖ ነበር።

በዋናው ምድር በጨው ማሣ ሥራ አገኙ። ፓንሶክ የባሕር ውኃ ወደ ማሣው የሚያስገባውን፣ በእግር የሚረገጠውን መዘውር ያዞር ነበር፤ ያንግኒም ጨው ትጠርግ ነበር። ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ስለዚያ ወር አንድም ቀን አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችውም። ዎልሶን ኖክሶም ቀረች፤ በተከታዩ መኸር ለዶክቦ ታናሽ ወንድም ተዳረች።